እጅ የነካው ኖራ

እልፍነሽ ስትነቃ ቤቷ ትናንት ባመሸበት ቦታ አልነበረም። መስኮቱን ስትከፍት፣ ማታ በግራዋ በኩል የነበረው ወይራ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በምትኩ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ዔሊ ጀርባ ላይ የሚኖር ሰው ማታ የተሰናበተውን ዛፍ ጠዋት አያገኘውም። ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ ከወጥ ቤቱ ሻይና ዳቦ ወስዳ ቆማ በላች። ከዚያም ከአልጋዋ ራስጌ፣ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ማሰሮ ከፈተች። ሽንት ሽንት የሚል ሽታ ወጣ። ቁንጥር ዩሪያና ግማሽ ማንኪያ ሞላሰስ ጨመረችባት፣ በእንጨት አማሰለቻት፣ መልሳ ከደነቻት። በየጠዋቱ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ዔሊ በመንግሥት ወረቀት ላይ ረዥም ስም አላት፤ ማንም አያስታውሰውም። ዔሊ ያሏት ሠራተኞቿ ናቸው። በፊት በኩል ጥርሳም ከበሮዋን እያሽከረከረች አሮጌ አስፋልት ትበላለች፤ በኋላ በኩል አዲስ የመንገድ መሠረት እያነጠፈች በከባድ ሩሎዋ ትደመድመዋለች፤ የሠራተኞቿን ክፍሎች፣ ወጥ ቤቱንና ቤተ ሙከራውን ደግሞ በጀርባዋ ተሸክማ ትሄዳለች። አትቸኩልም። ከሙከ ጡሪ ተነስታ ለሚ እስክትደርስ አንድ በጋ ፈጅቶባታል፤ አሁን ጀማ ሸለቆን ወደ ወንዙ እየወረደች ነው። ተራራ አልተናደም፣ ካባ አልተቆፈረም፣ አንድ መኪና ገረጋንቲ ከየትም አልመጣም። አዲሱ መንገድ የሚሠራው ከራሱ ከአሮጌው መንገድ ነበር።

እልፍነሽ ይህን ለብዙ ዓመት አይታዋለች፤ ግን አልለመደችውም። በዔሊ ሆድ ውስጥ የተፈጨው አስፋልት ከሕያው ኖራ ጋር ይገናኛል። ሕያው ኖራ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚኖሩበት ወፍራም ውሃ ነው። ተሕዋስያኑ ዩሪያ ይበላሉ፤ በበሉ ቁጥር በጠጠርና በጠጠር መካከል ኖራ ያኖራሉ፤ ፀሐይ ወጥታ እስክትገባ የተበተነው ሁሉ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ውሃው የሚጠራቀምበትን ጋን ሠራተኞቹ እንስራ ይሉታል። እንስራው ተሟጦ አያውቅም፤ ከዛሬው ለነገ እርሾ ይቀርለታል፤ በሌሎች መንገዶች ላይ እንደ እሷ ያሉ ዔሊዎች አሉ፤ አንዷ ዔሊ እርሾ ቢደክምባት ከሌላዋ ትዋሳለች፤ እርሾ ጠይቆ የተከለከለ የለም።

ደረጃውን ወርዳ ከዔሊ ኋላ፣ ትናንት በተነጠፈው መሠረት ላይ መራመድ ጀመረች። በእጇ መምቻ ዘንግ ይዛለች። የረጋ መሠረት በዘንግ ሲመታ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ድንጋይ ይጮኻል፤ ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ መታች። አልጮኸም። ራመድ ብላ ደግማ መታች፤ ዘንጉ ድምፅ ሳያሰማ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆነጠረችው። በጣቶቿ መካከል እንደ ጭኮ ፈራረሰ።

“ኢንጂነር! ምነው አጎነበስሽ፣ ወርቅ አገኘሽ?” አለ ሙክታር ከጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ። ሙክታር የወረባቦ ሰው ነው፤ ዔሊን የሚነዳት እሱ ነው፤ ከእልፍነሽ ጋር ከዔሊ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አብረው ሠርተዋል።

“አቁማት።”

“ምን?”

“አቁማት ሙክታር። አልረጋም።”

ሙክታር አንገቱን መለሰ። ጥርሳሙ ከበሮ እያጓራ ቀስ በቀስ ዝም አለ። በሸለቆው ውስጥ በድንገት የወፍ ድምፅ ተሰማ። ዔሊ ከዚህ በፊት የቆመችው ለሚ ላይ፣ አዲሱ ማጣሪያ ሲገጠምላት ብቻ ነው።

ማጣሪያውን ይዛ የመጣችው ሲፈን ናት። የተሕዋስያን ተመራማሪ ናት፤ ወጣት ናት፤ ስታስብ እርሳስ ታኝካለች። ዋናው ቤተ ሙከራ የላካት ከአቧራ ጋር ወደ እንስራው የሚገቡትን ባዕድ ተሕዋስያን እየለቀመ የሚያስወግድ ማጣሪያ እንድትገጥምና ለአንድ ክረምት እንድትከታተለው ነው። በሌሎቹ ዔሊዎች ላይ ማጣሪያው እንከን አልወጣለትም። እዚህም ከአፋፉ ላይ ያለው መሠረት እንደ ብረት ጸንቶ ነበር።

“እንስራው ደኅና ነው፤ ተሕዋስያኑ ሕያዋን ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይራባሉ” አለች ሲፈን ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ብላ። “ባዕድ ነገር አንድም የለበትም። ከዚህ የጠራ እርሾ አይቼ አላውቅም፣ ኢንጂነር።”

“የጠራ ከሆነ ለምን አይነክስም?”

ሲፈን እርሳሷን አኘከች።

መልሱ ግማሹ መንገዱ ላይ ነበር። እልፍነሽ ዔሊ በቆመችበት ቦታ፣ የተቆረጠው የአሮጌው መንገድ ጎን ፊት ለፊት ተቀመጠችና አየችው። ከሥር በሰው እጅ አንድ በአንድ የተደረደረ ድንጋይ አለ፤ ማንም እንዲያየው ታስቦ አልተሠራም፣ ግን ፊቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። ከዚያ ላይ ገረጋንቲ፣ ከዚያ ላይ የመጀመሪያው አስፋልት። ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና ነው። ተዳፋቱ በየክረምቱ ይሰነጠቃል፤ ጠጋኞች በየበጋው በአካፋና በሬንጅ ይመጣሉ፤ ጥገና በጥገና ላይ፣ ሬንጅ በሬንጅ ላይ። አፋፉ ላይ ያለው አስፋልት ፀሐይ የጨረሰው፣ ሬንጁ የደረቀ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ጠጠር ጥቁር ቅባት ለብሷል። ሕያው ኖራ ድንጋዩን ለመንከስ በቅባቱ ማለፍ አለበት፤ ማለፍ አልቻለም።

“የጠገኑት ሰዎች ነፍሳቸውን ይማር” አለ ሙክታር አጠገቧ መጥቶ። “ሬንጅ አልሰሰቱም።”

“ባይጠግኑት ኖሮ መንገዱ እስካሁን አይቆይም ነበር።”

“ምን አልኩ? አመሰገንኩ እኮ ነው።”

ችግሩ የመሠረቱ አለመርጋት ብቻ አልነበረም። ዔሊ ከለሚ አፋፍ እስካለችበት ድረስ አሮጌውን መንገድ በልታዋለች። ከኋላዋ ካለው አዲስ መሠረት የላይኛው ክፍል ጽኑ ነው፤ የታችኛው ግን ልቅ ጠጠር ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠርጎ ወደ ገደሉ ይሰደዋል። ያን ጊዜ አሮጌውም አዲሱም የለም። ከመርሐቤቴ በኩል ደመናው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየተቆለለ፣ እየጠቆረ ነበር። የሰማይ ማመላለሻዎች ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም በጀማ ጉም ውስጥ አይወርዱም። ሸለቆው ክረምቱን በሙሉ ይዘጋል ማለት ነው።

ይህን ለእልፍነሽ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ አቶ ጌጡ ግን በየቀኑ ያስረዳታል። አቶ ጌጡ ከወንዙ ዳር የማንጎ ነጋዴ ነው። የጭነት መኪናውን ከዔሊ በታች አቁሞ፣ ማንጎውን በአህያ እያሳለፈ፣ ሲመለስ ጥላ ሥር አረፍ ይላል።

“እንደምን አደራችሁ የዔሊ ቤተሰቦች!” አለ የዚያን ቀንም። “ከብቷ መንገዳችንን በልታ ጨረሰችው። መቼ ነው የምትወልደው?”

“ምጥ ላይ ናት” አለ ሙክታር።

“ኧረ ምጧ በዛ! አዋላጅ ጥሩላት።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እልፍነሽ ዞረ። “ቀልዱን ተይውና እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዋ ነው፣ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። አምና የጎረቤታችን ልጅ ምጥ የጠናባት ጊዜ በዚህ መንገድ ነው ያወጣናት። ዘንድሮ መንገድ ይኖረናል ወይስ አይኖረንም?”

እልፍነሽ አይታ የማታውቀውን ነገር ቃል አትሰጥም። “አላውቅም አቶ ጌጡ። እየሞከርን ነው” አለችው።

ሞከሩ። ሲሚንቶ ጨመሩ፤ ከላይ ስስ ቅርፊት ሆኖ ከሥሩ ፈረሰ። ዩሪያውን አበዙ፤ ሽታው ጨመረ እንጂ ጠጠሩ አልተያያዘም። ጠጠሩን በእንፋሎት አሞቁት፤ ሬንጁ ቀልጦ ባሰበት። እልፍነሽ የእያንዳንዱን ሙከራ ድብልቅ በትንንሽ የብረት ፎርማ እየሞላች አስቀመጠች፤ በማግስቱ ፎርማው ሲከፈት ሁሉም እንደ ቆሎ ፈሰሱ።

ከሰዓት በኋላ ሲፈንና ሙክታር ምሳ ሲበሉ እልፍነሽ ክፍሏ ገባች። ማሰሮዋን አየቻት። በውስጧ ያለው ሕያው ኖራ ነው፤ የመጀመሪያው። ያረባው ባሏ ኅሩይ ነበር። የዔሊዎቹ ሁሉ እርሾ ከእሱ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ እንስራ በየመንገዱ ሌላ እየሆነ ሄዷል። ማሰሮዋ ብቻ እሱ እንደተዋት ነበረች። ኅሩይ ከሞተ ወዲህ የምትመግባት እልፍነሽ ናት። ስለ ማሰሮዋ ከማንም ጋር አታወራም፤ ሙክታር ያውቃል፤ እሱም አያወራም።

አንድ ማንኪያ ወሰደች። ከተፈጨው አስፋልት ጋር ለወሰች፣ ፎርማ ሞላች፣ ከሌሎቹ ፎርማዎች ኋላ አስቀመጠችው። ለምን እንዳደረገችው ለራሷም በቃል አልነገረችም።

በማግስቱ ጠዋት ፎርማውን ስትከፍት በእጇ ላይ የወደቀው ድንጋይ ነበር። ጥቁር ነው፤ በመካከሉ ነጭ የኖራ ሥር ይተላለፋል። ወደ ውጭ ይዛው ወጣችና በዘንግ መታችው። ጮኸ። ሸለቆው ድምፁን መልሶ ሰጣት።

ገደሉ ዳር ቆመች። ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። መንገዱን የሚያድነው አለ፤ ያለውም በአንዲት ማሰሮ ልክ ነው። ድንጋዩን ብትወረውረው ከሥር ገደል ነው፤ ማንም አያገኘውም፤ ማንም አልጠየቃትም። ሙከራው ሁሉ አልተሳካም ብትል የሚያምናት ብዙ ነው፤ እውነትም ሌላው ሁሉ አልተሳካም። በእጇ ውስጥ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ቀስ በቀስ ሞቀ። ከታች የአቶ ጌጡ አህዮች ቀጥ ያለውን የእግር መንገድ ይዘው አንዱ ከአንዱ ኋላ ይወጣሉ። ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሳ ድንጋዩን ሲፈን ፊት አስቀመጠችው።

“ከየት የመጣ ነው?” ሲፈን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

“ማሰሮ አለችኝ” አለች እልፍነሽ።

ሲፈን ከማሰሮዋ የወሰደችውን ጠብታ ስታይ ብዙ ቆየች። እርሳሱን አላኘከችም፤ ረስታዋለች። በመጨረሻ “እንግዳ አለበት” አለች።

“ምን ዓይነት እንግዳ?”

“ከሕያው ኖራው ጋር አብሮ የሚኖር ሌላ ተሕዋሲ። ከአፈር አይደለም። ከውሃም አይደለም።” ቀና ብላ አየቻት። “ይሄ የሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ነው ኢንጂነር። የእጅ። በእጃችን ቅባት ነው የሚኖረው፤ እዚህ ደግሞ የሬንጁን ቅባት ለምዷል። ጠጠሩ የለበሰውን ሬንጅ በየቦታው ይበሳዋል፤ ሕያው ኖራው በቀዳዳው ገብቶ ድንጋዩን ይነክሳል። ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ቀዳዳ ነው። እንዴት ያለ ሥራ ነው! እንስራው ውስጥም ነበር ማለት ነው፣ እስከ ለሚ ድረስ። ማጣሪያዬ ቆሻሻ ነው ብሎ አወጣው፤ ከሌሎቹ ዔሊዎችም እንዲሁ።”

እልፍነሽ ማሰሮዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

“የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ?”

“የባለቤቴ ነው።”

ሲፈን ስለ ኅሩይ የምታውቀው ከትምህርት ነው። በየቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የጓንት መመሪያ የእሱ መሆኑን ሁሉም ተማሪ ያውቃል። “ግን እሳቸው እኮ ናቸው ያለ ጓንት አትንኩ ያሉት” አለች።

“ለተማሪ” አለች እልፍነሽ። “ቤት ሲሆን እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ነበር የሚያስገባው። ጓንት አድርጋ ሊጥ ያቦካች ሴት አሳዪኝ ይለኝ ነበር።” የማሰሮዋን ክዳን እያስተካከለች፣ “አላሳየሁትም” አለች።

ሲፈን በመጀመሪያ ማሰሮዋን መንካት አልፈለገችም። እጅ ሁሉ እጅ ነው ብላ፣ የሁሉንም መዳፍ በጥጥ ጠረገች፤ የራሷን፣ የእልፍነሽን፣ የሙክታርን። አቶ ጌጡም ነገሩን ሰምቶ መጣና መዳፉን ዘረጋ።

“የኔንም ጥረጊው ልጄ። ማንጎ የነካ እጅ ነው፣ ይጣፍጣል።”

“ምንም አይጣፍጥ፤ የአህያ ገመድ የያዘ እጅ ነው” አለ ሙክታር።

“ያንተስ? አርባ ዓመት መሪ ብቻ እየዳሰስክ ተሕዋስያንህ መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል!”

ከአዲሶቹ እጆች የተወሰዱት ግን በሕያው ኖራው ውስጥ አንድ ቀን አላደሩም። ዩሪያው ሲበላ የሚወጣው ሰንፋጭ ጋዝ ገደላቸው። የኅሩይ እንግዳ በማሰሮዋ ውስጥ ለዓመታት እየተመገበ፣ ከትውልድ ትውልድ እየለመደ የኖረ ነው። ሌላ አልነበረም።

ማጣሪያው ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሦስቱ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆሙ፤ ማሰሮዋ በመካከላቸው ነበረች።

“ስንት ይበቃል?” አለች እልፍነሽ።

ሲፈን ማሰሮዋን አየች። “ሁሉም።”

“ግማሹስ?”

“እንስራው ውስጥ ያሉት በጣም ብዙ ናቸው። ግማሹን ብንጨምር ይውጡታል። ሁሉንም ብንጨምር ራሱ ለጥቂት ነው።”

“ማራባት ይቻላል፣ በትንሽ በትንሹ።”

“ይቻላል። ጊዜ ቢኖር ኖሮ እኔም ያንን ነበር የምለው።” ሲፈን በመስኮቱ ወደ መርሐቤቴ አየች፤ ደመናው ዛሬ ገና ቀትር ሳይሆን ተቆልሏል። “ከተሳካ ግን ከእንስራው መልሰው እርሾ ይወስዳሉ። ማሰሮዋ ባዶ አትቀርም።”

ሙክታር ጉሮሮውን ጠረገ። “ኢንጂነር፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። መንገድ ነው፤ ቢሄድ በሌላ ዓመት ይሠራል። እኔ ለማንም ምንም አልናገርም።”

እልፍነሽ ከልቧ እንደተናገረ አወቀች። ለዚህም ነው ፊቱን ማየት ያልፈለገችው።

“ገንዳውን አምጣ” አለችው።

በገንዳው ውስጥ ውሃ፣ ሞላሰስና ዩሪያ ተዘጋጀ። በዔሊ መቅዘፊያ ማማሰል አይቻልም፤ ዔሊ ብረቷን ሁሉ በየሰዓቱ በመድኃኒት ታጥባለች። በእጅ መሆን ነበረበት። እልፍነሽ ማሰሮዋን አዘነበለች። ወፍራሙ ውሃ ቀስ ብሎ ወረደ። ወርዶ ሲያልቅ በሥሯ የቀረ ነበር፤ ጥቂት፣ ጣት የሚያርስ። ትንሽ ውሃ ጨመረችባት፣ አለቀለቀቻት፣ ያንንም ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ አስገባች። ሞቅ ያለ ነበር።

“እንዴት ነው?” አለ ሙክታር።

“ና አንተም። ብቻዬን አይሆንልኝም።”

ሙክታር ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ አፍንጫውን አዙሮ እጁን አስገባ። “አላህ ይይልህ ኅሩይ፤ ሞተህም ሽንት ታስቦካኛለህ” አለ። እልፍነሽ ሳቀች። ሲፈን በጓንቷ እንደቆመች አየቻቸው፤ ከዚያ ጓንቷን አንድ በአንድ ገፈፈችና ጎንበስ አለች። አቶ ጌጡ ከበሩ ላይ “እናንተ ምን እየጠመቃችሁ ነው?” ሲል ደረሰ። ሳይጠሩትም ታጥቦ መጣና እጁን ከእጃቸው ጋር አስገባ።

ገንዳው እንስራው ውስጥ ተገለበጠ፤ ዔሊም ወደ ኋላ ሄደች። ሙክታር በሕይወቱ ነድቷት የማያውቀውን አቅጣጫ ነዳት፤ ያልረጋውን መሠረት ደግማ እየበላች፣ በአዲሱ እርሾ እየለወሰች፣ እየደመደመች ወጣች፤ ከዚያም ወደ ፊት ዞራ በሬንጅ የወፈረውን አሮጌ መንገድ ያዘች። ሦስቱም እየተቀያየሩ ሠሩ፤ እልፍነሽ ከኋላ በዘንጓ እየመታች ሄደች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ቀጥሎ እንደ ታፈነ ነገር። በማግስቱ ፀሐይ ከፍ ስትል መሠረቱ ከላይ ጀምሮ፣ አንዱ ርምጃ ከሌላው ቀጥሎ፣ መጮህ ጀመረ። ሲፈን ዘንጉን ተቀበለቻትና እንደ ልጅ እየሮጠች መታችው።

ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ መጣ። ሦስቱ በዔሊ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተደርድረው አዩት። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቀይ ነበር፤ በየቦዩ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ከመንገዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ግን ጥርት ያለ ነበር። አንዲት ጠጠር አልያዘም። ሙክታር ብርጭቆ ይዞ ወጣ፣ ከመንገዱ ዳር ከሚወርደው ቀዳ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አሳያቸው።

“ኅሩይ እኮ ሲያወራ እንኳ በእጁ ነበር” አለ ሲመለስ፣ ራሱን እያደረቀ። “አፉ የሚናገረውን ትተን እጁን ነበር የምናይ።”

“አዎ” አለች እልፍነሽ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ክረምቱ ገብቶ ነበር። የአቶ ጌጡ መኪና ማንጎውን እንደጫነች በአዲሱ መሠረት ላይ ወደ ለሚ ወጣች፤ ጥሩምባዋን እስከ አፋፉ አላቆመችም። ዋናው ቤተ ሙከራም ሲፈን የላከችውን ተመልክቶ ማጣሪያዎቹ ከዔሊዎቹ ሁሉ እንዲነሱ አዘዘ። እልፍነሽ ያን ቀን ማሰሮዋን በፈላ ውሃ አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ ይዛት ቤተ ሙከራው ገባች።

“እርሾዬን ልወስድ ነው” አለች።

ሲፈን ማይክሮስኮፑ ላይ ነበረች። ወዲያው ቀና አላለችም።

“ሲፈን።”

“እየቆጠርኩ ነው።”

“ቆጥረሽ ጨርሰሻል። ንገሪኝ።”

ሲፈን ወንበሯን አዞረች። “እንስራው ደኅና ነው። ከደኅናም በላይ ነው። እንግዶች ሞልተውበታል፤ ሁሉም ሬንጅ ይበሳሉ።”

“የማን የማን ናቸው?”

“ያኔ መዳፍ ስጠርግ የሁላችንንም ምልክት ይዤ ነበር፤ ከዚያ ጋር አስተያየሁት። የእርስዎ አለ። የጋሽ ሙክታር አለ። የእኔም አለ፤ አላመንኩም ነበር። የአቶ ጌጡ ከሁሉም በዝቷል።”

“ብቻቸውን አንድ ቀን አላደሩም ብለሽ ነበር።”

“ብቻቸውን አላደሩም። እሱ ስላለ ነው ያደሩት። ተሕዋስያን እንዲህ ናቸው፤ አንዱ የሚያውቀውን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ከአካሉ ቆርሶ ነው የሚሰጠው። ጋዙን መቻሉንም፣ ሬንጁን መብሳቱንም ከእሱ ተቀብለዋል።” እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። “እኛ ንጹሕ ነገር እንሠራለን ብለን ስንት ዓመት ደከምን። ማሽኑ ቆሻሻ ያለው እኮ ሰው ነበር።”

እልፍነሽ ማሰሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “እሱስ?” አለች።

ሲፈን ፈልጋ ነበር። ከእንስራው ላይ፣ ከመካከሉ፣ ከሥሩ ቀድታ ፈልጋለች፤ ከገንዳው ግድግዳ ፍቃ ፈልጋለች፤ ከደረቀው መሠረት ፈልፍላ ፈልጋለች። ይህን ሁሉ ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። እልፍነሽ ግን እጇን አነሳችና አስቆመቻት። ጭልፋውን ከመስቀያው አወረደች፣ የእንስራውን ክዳን ከፈተች፣ ማሰሮዋን ሞላች። ቁንጥር ዩሪያና ግማሽ ማንኪያ ሞላሰስ ጨመረችባት። በእንጨት አላማሰለቻትም፤ በጣቷ አማሰለቻት።

እርሾው ጤነኛ ነው። የአራት ሰው እጅ አለበት። የኅሩይ የለበትም።